ያማሃ ፒኤስአር ኢ373፦ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ባንድ ለሚቀላቀል ልጅ ይሆናል?

ደሴ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል የገባና ሙዚቃ የሚወድ ልጅ ክበብ ምረጥ ሲባል ወደ ሚኒ ሚዲያው ወይም ወደ ሙዚቃ ክበቡ ያመራል። እዚያ ድምፃዊ ሞልቷል፣ ክራር የሚደረድርም አይጠፋም። የሚቸግረው ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ስለዚህ ልጁ ኪቦርድ ይዞ ከመጣ ቦታው ዝግጁ ነው፤ ጥያቄው የትኛውን ይግዛ የሚለው ይሆናል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ያማሃ ፒኤስአር ኢ373 ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለባንድ ጀማሪ ከዚህ ያነሰ ባይገዛ ይሻላል፣ ከዚህ የበለጠም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አያስፈልግም። ነገር ግን የወሎን ቅኝቶች በራሱ አጃቢ እንዲጫወት ከተተወ ያበላሻቸዋል።

ጥንካሬው ቁልፎቹ ላይ ነው። 61 ናቸው፣ መጠናቸውም ሙሉ ነው፤ የጣትን ኃይል ይለያሉ። ለስለስ አድርገው ሲነኩት ይለሰልሳል፣ ጠበቅ ሲያደርጉት ይጠነክራል። ዋጋቸው ዝቅ ያለው የያማሃ ኢ273 እና ኤፍ52ም 61 ቁልፍ አላቸው፤ ቢዳስሷቸውም ቢደበድቧቸውም ግን ድምፃቸው አንድ ነው። በእነሱ የተለማመደ ልጅ ድምፃዊቷ ለስለስ ስትል አብሮ መለስለስ አይችልም፣ መድረክ ላይም ይሸፍናታል። ሻጭ አስቀድሞ የሚጠራው 622 የመሣሪያ ድምፅና 205 ስታይል (የተዘጋጀ የአጃቢ ምት) መኖሩን ነው። ይህ ግዢን ሊወስን አይገባም። ባንድ ውስጥ በየቀኑ የሚያገለግሉት ፒያኖ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ስትሪንግና ብራስ ናቸው።

አሁን ወደ ቅኝቱ። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ስለሆነ እዚህ ያለ የትምህርት ቤት ባንድ ሊዘላቸው አይችልም። ከሲ ኖታ (C) ሲነሱ እንዲህ ናቸው፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ማይነሩ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። እነዚህን አምስቱን መስመሮች በሁለቱም እጆቹ ሳይደናቀፍ የሚወጣና የሚወርድ ልጅ ክበብ ሲገባ ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ችግሩ የሚመጣው አውቶማቲክ አጃቢውን ሲከፍቱት ነው። በግራ እጅ ሲን ብቻ ሲነኩ መሣሪያው በራሱ ሲ ሜጀር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ይሠራል፤ ያ ማለት ኢ ይገባበታል። አምባሰል ውስጥ ኢ የለም፤ ከዜማው ኤፍ ጋር በግማሽ ድምፅ ርቀት ይጋጭና ጆሮ ይቆረቁራል። ወደ ማይነር ቢቀይሩትም ኢ ፍላት ይመጣል፣ እሱም አምባሰል ውስጥ የለም። መፍትሔው ኤሲኤምፒ የሚለውን የአጃቢ መክፈቻ አጥፍቶ ሪትሙን ብቻ ማስኬድ ነው። ከዚያ ስፕሊት (ቁልፎቹን ለግራና ለቀኝ እጅ የሚከፍለውን) ከፍቶ ለግራ እጅ የቤዝ ድምፅ መስጠትና ሲንና ጂን ብቻ እያፈራረቁ መምታት። ይህ ለትዝታ፣ ለባቲና ለአምባሰል ይሠራል። አንቺሆዬ ላይ ግን ጂ ስለሌለ በሲና በኤፍ መሆን አለበት። ይህን ሳያውቅ ጂን የሚመታ ልጅ ጣቱ ልክ ሆኖ ዘፈኑ የሚጎረብጥበት ምክንያት አይገባውም። ባለ 6/8 ስታይሎች ጥቂት አሉ፤ ችክችካን በወጉ የሚመታ ግን የለም። ለእሱ ከበሮ መቺ ይኑር።

ሌላው ጉድለት የድምፅ ማንሸራተቻ ጎማ አለመኖሩ ነው። መሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ የሚሄደውን ይህ ኪቦርድ ሊከተለው አይችልም። ኢ463 ላይ አለ፤ መሲንቆ የሚመራው ባንድ ውስጥ የሚገባ ልጅ ልዩነቱን ያስብበት።

ትራንስፖዝ (ሁሉንም ቁልፎች በአንድ ላይ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው) ግን በጣም የሚጠቅም ነው፤ ወደላይም ወደታችም 12 ግማሽ ድምፅ ይሄዳል። የዘጠነኛ ክፍል ወንድ ልጆች ድምፅ በሚጎረምስበት ዕድሜ ዘፈኑን ዝቅ ማድረግ የግድ ነው። ክራሩም የሚቃኘው ከኪቦርዱ ጋር ስለሆነ መጀመሪያ ትራንስፖዝ ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ክራሩ ተቃኝቶ ካለቀ በኋላ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ክበቡ የነፋስ መሣሪያ ካለው ይህንንም ይያዙ፦ ኪቦርዱ ሲን ሲመታ ትራምፔትና ቴነር ሳክስፎን ዲን ይነፋሉ፣ አልቶ ሳክስፎን ኤን።

መብራት በሚሄድበት ከተማ ስድስት የኤኤ ድንጋይ መብላቱ ትልቅ ጥቅም ነው። አልካላይን ወይም ቻርጅ የሚደረግ ይሁን፤ ርካሹ ቶሎ ይደክማል። አዳፕተሩ ባለ 12 ቮልት፣ ፒኤ 130 የሚባለው ነው፤ የጫፉ ውስጠኛው ክፍል ፖዘቲቭ ነው። የድሮ ካሲዮ ባለ 9 ቮልት አዳፕተሮች ጫፋቸው ቢገጥምም ፖላሪቲያቸው (የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ አቀማመጣቸው) ተቃራኒ የሆነ አሉ። ገጠመ ብሎ መሰካት የውስጡን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሊያቃጥለው ይችላል፤ አዳፕተሩ ላይ ያለውን ሥዕል አይተው ይሰኩ።

የወላጆች ቀን ላይ የሚያዋርደው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ለ30 ደቂቃ ካልነኩት ራሱን ያጠፋል። የክብር እንግዳው ንግግር ረዘም ሲል ኪቦርዱ ጠፍቶ ይቆያል፤ ሲከፍቱት የመረጡት ድምፅና ትራንስፖዝ ወደ መጀመሪያው ተመልሷል፣ ድምፃዊው ደግሞ ጀምሯል። ስለዚህ መጨረሻ በግራ ያለውን ቁልፍ ጫን ብሎ ይዞ ማብራት ያስፈልጋል፤ ያኔ በራሱ አይጠፋም። የየዘፈኑን ድምፅና ትራንስፖዝም ሬጂስትሬሽን ሜሞሪ (የመረጡትን ይዞ የሚያቆይ ማስታወሻ) ላይ ማስቀመጥ ነው።

የራሱ ስፒከር ሁለት ሲሆን እያንዳንዱ 2.5 ዋት ነው። ለመኝታ ቤት ይበቃል፤ ለሰልፍ ሜዳ ከንቱ ነው። ወደ ሚክሰርና ሞንታርቦ የሚወጣበት ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፣ የጆሮ ማዳመጫውም እሱ ነው፤ ሲሰካበት የራሱ ስፒከር ይዘጋል። ቀዳዳው ስቴሪዮ ስለሆነ ተራ የጊታር ኬብል ግማሹን ድምፅ ብቻ ያወጣል። ከስቴሪዮ ወደ ሁለት ሞኖ የሚከፈለውን ኬብል ይግዙ፣ ሁለቱንም ጫፎች ሚክሰሩ ላይ ይሰኩ። ሚክሰሩ ሲሰካም ሆነ ሲነቀል ድምፁ ይቀነስ፤ ያለዚያ የሚወጣው ጩኸት ስፒከሩን ይጎዳል። ፍላሽ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ ያለው ዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ነው። ከስልክ ጋር አብሮ ለመለማመድ ግን ትንሹ የኦግዝ ቀዳዳ አለ። ፔዳሉ ለብቻው ይገዛል። እሱንም ረግጠው ሳለ ካበሩት ተገልብጦ ይሠራል፣ ሲለቁት ድምፁ ይንጠለጠላል፤ አጥፍቶ እግርን አንስቶ ማብራት ነው።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ 61ዱንም ቁልፎች አንድ በአንድ፣ በእኩል ኃይል ይንካ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት መገናኛ አለ፤ መሣሪያው የጣትን ኃይል የሚለካው አንደኛው ከነካ በኋላ ሁለተኛው እስኪነካ ባለው ጊዜ ነው። አንዱ ላይ አቧራ ካረፈ ቁልፉ ያለ ልክ ይጮኻል ወይም ጭራሹን ዝም ይላል። አንድ ሁለት ቁልፍ እንዲህ ቢያደርግ ተፈትቶ ጎማው ሲጸዳ ይድናል። ዝም የሚሉት በእኩል ርቀት ተራ በተራ ከሆኑ ግን ጉዳዩ የሰሌዳ ነው፤ ርካሽ ነው ብለው አይቀበሉት። የቀድሞው ባለቤት ያስቀመጠውን ለማጽዳት በቀኝ ጫፍ ያለውን ነጭ ቁልፍ ይዞ ማብራት ነው።

ክብደቱ 4.6 ኪሎ፣ ርዝመቱ 94.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በባጃጅ ይሄዳል፣ ወፍራም ቦርሳ ግን ግዴታ ነው። ደሴ ጉም በወረደበት ጠዋት ወይም ከኮምቦልቻ ሙቀት ሐረጎን ወጥቶ ሲደርስ፣ ከቦርሳው አውጥተው ጥቂት ሳያስቀምጡ አያብሩት፤ ውስጡ እርጥበት ይቋጥራል።

ክበቡ ራሱ ኪቦርድ ካለውና ልጁ ቤት የሚለማመድበት ብቻ ከፈለገ፣ ገንዘቡን ለጥሩ ክራርና ለቅኝት መለኪያ ቢያውለው እንመርጣለን። ሁለት ኪቦርድ ላለው ባንድ ሦስተኛው አይጨምርለትም።