ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ጋርደን ሬስቶራንት፦ አሳው አንደኛ፣ የጦጣ አያያዛቸው ግን ወፍ የለም

ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ሐይቁ ዳር ዛፍ ያለው ግቢ ብዙው ትንሽም ብዙም ይሄው ችግር አለበት። የሄድነው ቅዳሜ ለምሳ ነው፣ ስድስት ሰው፦ እናቴ፣ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ከቨርጂኒያ ለእረፍት የመጣችው የአክስቴ ልጅ ከነባሏ ከነልጇ።

ምግቡን ላስቀድም። ሁለት ሙሉ ጥብስ ቆሮሶ፣ አንድ ጉላሽ፣ አንድ ኮተሌት አዘዝን። ቆሮሶው ጠዋት ከሐይቅ የወጣ መሆኑ ያስታውቃል፣ ጎኑን በቢላ ሸንተር ሸንተር አድርገውት ዘይቱ እስከ አጥንቱ ገብቶ ክንፉ ራሱ ይቆረጠማል። ዳጣው እንባ ያስመጣል ግን እጅ አያስነሳም። ጉላሹ ቲማቲም በዝቶበታል፣ ኮተሌቱ ደህና ነው። 40 ደቂቃ ጠበቅን ግን ቅዳሜ ስለሆነ ይሁን።

አሁን ወደ ጦጣው ልምጣ።

ገና ሳንቀመጥ አስተናጋጁ ሙዝ ይዞ መጣ፣ "ለልጁ ነው፣ ጦጣ እንዲያበላ" አለ። እኔ በነፃ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ቲፕ ይጠበቅበታል። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በደስታ ሊሞት። አንድ ሙዝ ሰጠ፣ ሁለተኛውን ሲልጥ አምስት ሆኑ፣ ሶስተኛው ላይ ቁጥራቸውን ተውኩት። በዚህ መሃል አንዲት ልጇን ሆዷ ላይ ያዘለች እናት ጦጣ ማንም ሳያያት ጠረጴዛችን ላይ ወጣች። የስኳሩን ክዳን አነሳች፣ ቀስ ብላ ጎን አስቀመጠችው (እኔ ቤት እንደዚህ በስርዓት ክዳን የሚያነሳ ሰው የለም)፣ ከዛ በእፍኟ እየዛቀች ጉንጯ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ጦጣ ጉንጯ ውስጥ ከረጢት አላት፣ እዛ አጭቃ ሮጣ ዛፍ ላይ ተረጋግታ ነው የምትበላው። ወንድሜ በሞባይሉ ይቀርፃል፣ እናቴ "በስመአብ" ትላለች፣ ጦጣዋ በዛው የልጁን የማንጎ ጁስ በሁለት እጇ ይዛ ግጥም አድርጋ ሄደች።

እስከዚህ ያስቃል። ከዛ ሙዙ አለቀ። ልጁ ባዶ እጁን ሲያሳይ ትልቁ ወንድ ጦጣ ጥርሱን አወጣበት፣ ሸሚዙን ይዞ ጎተተው፣ ክንዱ ላይ ጫረው። ያው አስተናጋጅ፣ ሙዙን ያመጣው ሰውዬ፣ ድንጋይ አንስቶ ወረወረ። ድንጋዩ ጦጣውን ስቶ የጎረቤት ጠረጴዛ ስር ገባ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጋባዥም ተኳሽም እሱው ሆነ ማለት ነው።

ለጭረቱ ያመጡልን ምን መሰላችሁ፣ ሶፍት። ለወላጆች ይሄን ልብ በሉ፦ የጦጣ ንክሻ ወይ ጭረት ትንሽ ቢመስልም በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ መታጠብ አለበት፣ ከዛ ቀጥታ ጤና ተቋም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይደለም የሚመጣው። እኛም ምግባችንን አቋርጠን የእጅ መታጠቢያው ጋ ልጁን ይዘን ቆምን፣ ከዛ የአክስቴ ልጅ ባል ይዞት ወደ ሀኪም ሄደ።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገረችኝ፣ እነሱ ሰፈር እንዲህ የሚያስቸግራቸው አጋዘን ነው። እዛ አጋዘን የሚሉት ከኛ ደጋ አጋዘን ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም፣ ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ሌሊት ግቢ ገብቶ የተከለችውን አበባ ሙልጭ አድርጎ ይበላል፣ ማታ አስፋልት ላይ ድንገት ዘሎ መኪና ፊት ይቆማል፣ እዛው ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ብዛቱን ለመቀነስ ቀስተኞች ተመዝግበው ፓርክ ውስጥ ያድናሉ። "ግን አታብሉ ነው የሚሉን፣ አንድ ቦታ ተሰብስበው ሲበሉ በሽታ ይጋባሉ፣ ሰው የለመደ ደግሞ መኪናም ይለምዳል" አለችኝ። እኛ ጋ ግን ሙዙ ሜኑ ላይ ሊገባ ምንም አልቀረው።

በሩ ላይ ያሉትን ጥበቃ ጠየቅኳቸው፣ ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ እኛን የሚያስጨንቀን ሰኞ ነው" አሉኝ። ቅዳሜና እሁድ እንግዳው ሲያበላቸው ይውላል፣ ሰኞ እንግዳ የለም፣ ሆዱ የለመደው ጦጣ ቀጥታ ኩሽና። ሰኞ ሰኞ ኩሽና በር ላይ ዱላ ይዞ የሚቆም ሰው ይመደባል አሉኝ። እሁድ በሙዝ ጠርተው ሰኞ በዱላ።

ከላያችን ዋርካው ላይ ጉሬዛዎችም ነበሩ፣ ነጭ ጭራቸው እንደ መጋረጃ ዘርፍ ተንጠልጥሎ፣ አንዷ ገና ነጭ የሆነ ግልገል አቅፋ (ጉሬዛ ሲወለድ ሙሉ ነጭ ነው፣ በኋላ ነው ጥቁር የሚጨምረው)። ወደኛ ዞር ብለውም አላዩ፣ ቅጠላቸውን ይበላሉ። የጉሬዛ ጨጓራ እንደ ላም የተከፋፈለ ነው፣ ቅጠል ለማብላላት የተሰራ፣ ዳቦና ስኳር ይነፋዋል። የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ግን ዳቦ እያወዛወዙ "ና ና" ይላሉ፣ አንድም ሰራተኛ ተዉ ያላቸው የለም። አሞራ ገደል (የአሳ ገበያው) እንኳ አባ ኮዳው አጥማጆቹ አሳ ሲያፀዱ የሚጥሉትን አንጀት ነው የሚጠብቀው፣ ስራውን የሚያውቅ ወፍ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም።

ማናጀሩን አናገርኩት። "ጦጣው የኛ አይደለም፣ የዱር እንስሳ ነው" አለኝ። ከጀርባው ያለው ባነር ላይ ግን ጦጣ ሙዝ ይዛ "እንኳን ደህና መጡ" ትላለች።

ብትሄዱ አሳውን ብሉ፣ በእውነት አሪፍ ነው። በረንዳው ስር ተቀመጡ፣ ዛፍ ስር አይደለም። ስኳሩን ገና ስትቀመጡ አስነሱት፣ ሙዝ ሲያመጡላችሁ "አይ ይቅር" በሉ። ለምግቡ 5፣ ለመስተንግዶው 2።

ቢል ሲመጣ የማንጎ ጁስ 2 ይላል። አንዱ ልጁ ሳይቀምሰው የሄደው ነው። "ይሄኛውን እኮ ጦጣዋ ነች የጠጣችው" አልኩት። አስተናጋጁ "ቢሆንም ወጥቷል" አለ። ከፈልኩ።