ላንጋኖ ከሦስት ልጆችና ከአንዲት ጾመኛ አያት ጋር

ትልቋ ልጄ ላንጋኖ እንደደረስን መጀመሪያ የጠየቀችው «አምባሩስ?» ብላ ነው። ባለፈው ዓመት ሜክሲኮ፣ ካንኩን ወስደናት ነበር። እዚያ ገና ከበሩ የፕላስቲክ አምባር እጃችሁ ላይ ያስሩላችኋል። ከዚያ በኋላ ብትበሉም ብትጠጡም ጠያቂ የለም። ለሰባት ዓመት ልጅ ሪዞርት ማለት ያ አምባር ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ግራ ገብቶት እኔን አየኝና «እህቴ፣ የጠፋ ዕቃ አለ እንዴ?» አለኝ።

አምባር የለም። የክፍል ቁጥር እየነገሩ መፈረም ነው ያለው። ለምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጆቹ የሰባት ዓመት፣ የአራት ዓመትና የአሥራ አራት ወር ናቸው። ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው በእኛ ክረምት ስለሆነ አገር ቤት የምንገባው ሁሌ ዝናብ ላይ ነው። ሁሌም ፍልሰታ ላይ። ዘንድሮም አዲስ አበባ ውስጥ አሥር ቀን በጭቃና በብርድ ምክንያት ልጆቹን ቤት ከዘጋሁባቸው በኋላ እናቴ ራሷ «ኧረ ፀሐይ ያለበት ውሰጃቸው» አለችኝ። ባሕር የለንም፣ ሐይቅ ግን አለን። ነሐሴ 10 ቀን 2017 ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። እናቴም አብራን። አራት ሌሊት አደርን።

መኪናውን የተከራየነው ከነሹፌሩ ነው። የሕፃን መቀመጫ አለ ወይ ብዬ በስልክ ስጠይቅ «ችግር የለም» ተብዬ ነበር። የመጣው ትራስ ነው። ደግነቱ የራሳችንን ከአሜሪካ ይዘን መጥተናል። ሹፌራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሕፃኑን መቀመጫው ላይ በአራት ማሰሪያ ስጠፍረው ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ እናቱ ጭን ላይ አይሻለውም?» አሉ። አነዳዳቸው ግን እንደ አነጋገራቸው ለስላሳ ነው። አንድም ጊዜ ልቤን አላንጠለጠሉትም። ለዚህ ብቻ ጉርሻ ጨምሬያለሁ።

መንገዱ ከድሮው ጋር አይገናኝም። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱን ይዞ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ደግሞ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ። ልጅ ሆኜ በዓለም ጤናና በመቂ በኩል ስንሄድ ከአህያ፣ ከጋሪና ከአይሱዙ ጋር እየተጋፋን ነበር። አሁን የአራት ዓመቱ ልጄ ተኝቶ ሳይነቃ ባቱ ደረስን። ከባቱ ወዲያ የሄድነው በአሮጌው መንገድ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አድርገን ነው። በጠቅላላ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ምሳውን ጨምሮ አራት ሰዓት ፈጀብን።

ምሳ ባቱ ላይ ዓሣ በላን። በጥልቅ ዘይት የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ጎኑ በቢላ ተበጣጥቶ፣ ከዳጣ ጋር። ልጆቹ በእጃቸው እየቆረሱ ጨረሱት። አስተናጋጁ እናቴን «እማማ፣ ዓሣ እኮ ጾም ነው ይላሉ» አላት። «የሚሉት ይብሉታ» አለችው።

ሪዞርቱን በስም አልጠራውም። ጥሩውንም መጥፎውንም ስለምጽፍ እንዲያ ይሻላል። ሐይቁ ዳር ያለ፣ አሸዋ ያለው፣ ጎጆ ጎጆ መሰል ክፍሎች ያሉት ግቢ ነው። ስልክ ስደውል «ሁሉንም ያካተተ ነው» ነበር ያሉኝ። እዚህ ጋ ልብ በሉ። በአገራችን ሆቴል ቋንቋ «ሁሉንም ያካተተ» ማለት ፉል ቦርድ ማለት ነው። ቁርስ፣ ምሳና እራት በቡፌ። በቃ። ውሃ ለብቻ ነው። ለስላሳ ለብቻ ነው። የሕፃኑ ትኩስ ወተት ለብቻ ነው። ጀልባና ፈረስ ለብቻ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመርና በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። ሜኑው ላይ 100 ብር ያያችሁት ነገር ቢሉ ላይ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማታለል አይደለም፤ ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። እኔ ግን ሦስት ልጅ ይዤ የገጽ ግርጌ የማነብበት ጊዜ የለኝም።

የአልጋ ዋጋም ሁለት ዓይነት ነው፤ ለአገሬው በብር፣ ለውጭ ዜጋ በዶላር። እኔና ባለቤቴ ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አለን፤ በብር አለፍን። «ልጆቹስ?» ተባልን። ልጆቹ የያዙት ሰማያዊ ፓስፖርት ብቻ ነው። እናቴ ጣልቃ ገባች። «የእኔ የልጅ ልጆች የውጭ ዜጋ ናቸው? በየት በኩል?» ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። ሳቀና በብር አደረገልን። ለልጆቻችሁም ካርዱን ቀድማችሁ አውጡላቸው፤ ሁሉም ሥራ አስኪያጅ አይስቅም። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተተወ ወዲህ ዶላር መንዝሮ ለሚመጣ ሰው ይህ ሁሉ ርካሽ ነው። የእናቴ ጎረቤት አስተማሪ ናት፤ የአንዱን ሌሊት ዋጋ ስነግራት ዝም አለች።

ክፍሉ ሰፊና ንጹሕ ነበር። በስልክ ቃል የተገባልን የሕፃን አልጋ ግን አልነበረም። ሞቅ ያለ ውሃ የሚመጣው ማታ ማታ ነው። አጎበሩ ላይ ሁለት ቀዳዳ አገኘሁ፤ በልጄ የፀጉር ላስቲክ አሰርኳቸው። ይህን እንደ ቀልድ አትዩት። አዲስ አበባ ላይ የወባ ነገር አያሳስብም። ላንጋኖ ግን ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። ከመምጣታችን በፊት የልጆቹ ሐኪም ለሁሉም እንደ ኪሏቸው የወባ መከላከያ አዞላቸዋል። እናንተም ሐኪም ሳታማክሩ አትሂዱ። ማታ ማታ ረጅም እጅጌ አልብሷቸው።

ወደ ሐይቁ ልምጣ። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው። ፎቶ ላይ ሰማያዊ ካያችሁት ሰው ነካክቶት ነው። ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ያመጡት ደቃቅ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። የአራት ዓመቱ ልጄ ዳር ቆሞ አላምን አለ። «ይሄ ሻይ ነው» አለ። አልገባም ብሎ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠ። በኋላ እህቱ ገብታ ስትንቦጫረቅ ሲያይ እየተጠራጠረ ጣቱን ነከረና ቀመሰ። «ስኳር የለውም።» ከዚያ ማን ያውጣው! ሐይቁ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ከድሮ ጀምሮ የሚዋኙበት ነው። ዳሩ ደግሞ ቶሎ አይጠልቅም፤ ለትንሽ ልጅ ይመቻል። ግን ውሃው ስለማያሳይ የልጁ እግር የት እንዳለ አይታይም። ከክንድ በላይ አታርቋቸው።

ጠዋት ጠዋት ሐይቁ እንደ ሰሃን ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሞገድ ይመጣል። ስለዚህ የልጆች ዋና ከቁርስ በኋላ ነው። ፊሽካ ያንጠለጠለ አንድ ጠባቂ ነበረ፤ ንቁ ልጅ ነው፣ ስልክ ላይ አላየሁትም። ላይፍ ጃኬቶቹ ግን ሁሉም የአዋቂ ናቸው። አንዱን ለልጄ ሳለብሳት በአንገቷ በኩል ሾልካ ወጣች። አንድ ነገር ብቻ ብንይዝ ምን እንያዝ ብትሉኝ የልጅ ላይፍ ጃኬት ነው የምላችሁ። መዋኛ ገንዳው «እየታጠበ» ነበር፤ አራቱንም ቀን ታጠበ። ፎቶው ላይ የነበረው የልጆች መጫወቻ ክፍል ደግሞ ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘው ሰው ፈቃድ ወጥቷል።

ቅዳሜ ማታ ዲጄ ነበር። እስከ ሰባት ሰዓት ሌሊት። ሕፃኑ አልተኛም፤ እኛም አልተኛንም። እናቴ «በፍልሰታ!» እያለች አማተበች። እሑድ ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባው ሰው ሲመለስ ግን ግቢው ለእኛ ቀረ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሂዱ።

ምግቡን ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ አስተናጋጆቹን የማመሰግነው እዚህ ላይ ስለሆነ። ፍልሰታ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ጾም ነው። እናቴ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። የምሳ ቡፌው የሚነሳው ስምንት ተኩል ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሄዳ ባዶ ብረት ድስት አገኘች። ቅሬታ አላቀረበችም፣ ቆሎዋን ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ ግን አንዲት አስተናጋጅ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረንዳችን ድረስ መጣች። የተሸፈነ ሰሃን ይዛለች። ሽሮ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። «እማማ፣ እኔም እስከ ዘጠኝ ነኝ፤ አውቀዋለሁ» አለቻት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያው። ማንም አላዘዛትም፤ ቢሉ ላይም አልወጣም።

ሰባት ዓመቷ ልጄ «እኔም ከእማማ ጋር እጾማለሁ» ብላ ፎከረች። የዶሮ ጥብሱ ክዳን ሲነሳ ጾሟ አለቀ። ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ የለም፤ ግን ፓስታ አለ፣ እንቁላል አለ፣ ሙዝና ፓፓያ አለ። ስጎው ያቃጥላል። ባዶ ፓስታ በቅቤ ብትሏቸው ይሠሩላችኋል። የሕፃን መመገቢያ ወንበር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ማሰሪያው ተበጥሷል። እናቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ወገቡን ከወንበሩ ጋር አሰረችው። አራት ቀን ሙሉ በነጠላ ታስሮ በላ። ሁለተኛው ቀን ላይ ጦጣ ከሰሃኑ ሙዙን ነጥቆት ሄደ። አላለቀሰም፤ ለጦጣው ዳቦውንም ዘረጋለት። ትኩስ ወተት ሳዝዝ መጀመሪያ አርባ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። በኋላ አስተናጋጆቹ ከሩቅ ሲያዩን «ማሙሽ መጣ!» ብለው ራሳቸው ያሞቁ ጀመር።

ማክሰኞ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ስካውት፣ የፓርኩን ጠባቂ፣ ይዞ ነው የሚገባው። ሰጎንና ሚዳቋ ከመግቢያው ብዙ ሳንርቅ አየን፤ ለልጆች ይህ በቂ ነው። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር በላይ ነው ብዬ ለትልቋ ስነግራት «ማን ለካው?» አለችኝ። አብያታ ግን በጣም ሸሽቷል። እናቴ ወጣት ሳለች ያየችውን ውሃ ፈልጋ አጣችው። ፍልውሃው ዳር ሴቶች በቆሎ ሲቀቅሉ ልጆቹ ማመን አቃታቸው። ምድጃ የለ፣ እሳት የለ። ከዚያ የገዛነው በቆሎ የጉዞው ምርጥ ምግብ ነበር፤ ይህን ባለቤቴም አይክድም። ግን ፍልውሃው ጋ ልጅ አትልቀቁ። አጥር የለውም።

በዋዜማው፣ ሰኞ ነሐሴ 12 ማታ፣ ሠራተኞቹ አሸዋው ላይ ችቦ አበሩ። ቡሄ መሆኑን እኔ ረስቼዋለሁ። የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ በየበረንዳው ዞሩ። ልጄ ዝርዝር ብር ይዛ እየጠበቀቻቸው ነበር፤ ሲሄዱ ግን ተከትላቸው ሄደች። በሚቀጥለው በረንዳ ላይ ከሰጪነት ወደ ተቀባይነት ዞራ አገኘኋት። እናቴ «ቡሄ ካለ የለም ክረምት» አለች። ሌሊቱን እስኪነጋ ዘነበ።

ረቡዕ ጠዋት ሒሳብ ልንዘጋ ሄድን። ቢሉ ሁለት ገጽ ተኩል ነው። ውሃ፣ ውሃ፣ ወተት፣ ውሃ፣ ፈረስ፣ ወተት። አንድ ያላዘዝነው ቢራ ነበረበት፤ ተናገርን፣ ወዲያው ሰረዙት። ካርድ ማሽኑ አይሠራም። በቴሌብር እንክፈል አልን። ኔትወርክ የለም። «ትንሽ ጠብቁ፣ ይመጣል።» ጋሼ ሻንጣውን ጭነው ሞተር አስነስተዋል። ልጆቹ ለጉዞ ታጥበው፣ ተለባብሰው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ በረንዳው ላይ ቆመዋል።

ሃምሳ ደቂቃ ጠበቅን። ኔትወርኩ መጥቶ «ክፍያው ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ሲገባ ዞር ብል ልጆቹ የሉም። ከነልብሳቸው ሐይቁ ውስጥ ናቸው። ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። ሕፃኑም ገብቷል፣ እናቴ እጁን ይዛው፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ። ጋሼ ሞተሩን አጠፉና ፌስታል ፍለጋ ወደ ኩሽና ሄዱ፤ ወንበራቸው ላይ የሚያነጥፉት።