ባዶ ዲቪዲ አላውቅም ላለው ኮምፒውተሬ መላ ያገኘው የደሴ ልጅ

ወገን፣ ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር ሊያሠራ ያሰበ ካለ ይችን ሳያነብ እንዳይወጣ።

ሐይቅ ያለችው አክስቴ ጉልበቷ አላስኬድ ብሏት የወንድሜ ሰርግ ላይ አልተገኘችም። ያሳደገችው እሷ ናት። በደወልኩ ቁጥር "ቪዲዮውን እንኳ አሳዩኝ" እያለች ታስለቅሰኛለች። ቤቷ ያለው አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ነው፤ እሱም የፍላሽ መሰኪያ የለውም። ባዶ ዲቪዲ ገዛሁና በቤቴ ዴስክቶፕ ልገለብጥላት ተቀመጥኩ።

ዲስኩን አስገባለሁ፣ "ዲስክ ያስገቡ" ይለኛል። ኧረ አስገብቻለሁ! አወጣዋለሁ፣ በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ እመልሰዋለሁ፣ ያው ነው። የሚገርመው ፊልም ያለበት ዲቪዲ ሲሆን ኩልል አድርጎ ያሳየኛል። ባዶውን ግን እንዳላየ ያልፈዋል።

የሄድኩባቸውን ቤቶች ስም አልጠራም። የመጀመሪያው በቅጡ ሳያየው "ቫይረስ ነው" ብሎ ፎርማት አደረገው። ፎቶዎቼን አስቀምጥልኝ ብዬው "እሺ" ብሎኝ ነበር። የልጄ የመጀመሪያ ልደት ፎቶ ሳይቀር ጠፋ። 500 ብር ከፍዬ ቤት ስገባ ያው "ዲስክ ያስገቡ"። ብመለስ "ዲስክሽ ፎርጅድ ነው" ብሎ ሌላ ዲስክ ሸጠልኝ። ሁለተኛው ደግሞ አራት ቀን አስቀምጦ "ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ" አለኝ። የሞተ ኮምፒውተር እንዴት ፊልም ያሳያል ብለው ሳቀብኝ። እስካሁን ያበግነኛል።

በመጨረሻ ጎረቤቴ ፒያሳ አካባቢ ወዳለች ጠባብ ሱቅ ላከችኝ። ጭጋጉ ባልተገፈፈበት ጠዋት ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ልጅ በጋቢ ጠቅልዬ ደረስኩ። ልጁ ብሎን መፍቻ እንኳ አላነሳም። የስልኩን መብራት አብርቶ ጎንበስ አለና ዲስክ የሚገባበት መሳቢያ ፊት ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አነበበ። በቃ!

"አብሽሪ እታለም፣ አልተበላሸም" አለኝ። "ይሄ መሳቢያ ዲቪዲ ያነባል እንጂ አይጽፍም፣ ማለት ባዶው ላይ አይገለብጥም። የሚጽፈው ሲዲ ላይ ብቻ ነው።" ከመደርደሪያው ባዶ ሲዲ አውጥቶ ከተተበት፤ ወዲያው አወቀው። ስንት ዓመት ቤቴ የኖረ ዕቃ! እንግዲያው ሲዲ ላይ ገልብጥልኝ ስለው፣ ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ነው፣ ዲቪዲ ግን 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፣ የሦስት ሰዓት ሰርግ ሲዲ ላይ አይገባም አለኝ። ስለ ጨረርም የሆነ ነገር አስረዳኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ እንጂ አንዱም አልገባኝ።

ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ፣ ዲቪዲ የሚጽፍ መሳቢያ ገጠመልኝ። ያስከፈለኝ የዕቃውን 400 ብር ብቻ። የእጅህስ ብለው "ለሙሽራው ስጦታ ይሁን" ብሎ እምቢ አለ። ያ የመጀመሪያው ቤት የሸጠልኝ ዲስክም ሠራ፣ እኔ የገዛሁትም ሠራ። ፎርጅድ የተባለው ማለት ነው!

ግን ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለአንዲት ነገር ብዬ ነው። ዲስኩ ተጽፎ ሲያልቅ ሱቁ ባለች ማጫወቻ ሞከረውና "አክስትሽ ማንበብ ትችላለች?" አለኝ። አትችልም አልኩት። ማርከር አንሥቶ ዲስኩ ላይ ጀበና ሣለበት። "ጀበናዋ ወደ ላይ ትሁን በያት" አለኝ። ማን ያስበዋል ይሄን?

አክስቴ ማታ ደወለች። ሦስት ጊዜ አይታዋለች። ከሙሽሮቹ ይልቅ ለልጁ ያደረገችው ዱዓ ይበልጣል።

እና እባካችሁ እሱ ጋ ውሰዱ። ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት እሱ ጋ ውሰዱ! ስሜን አትጻፊ ስላለኝ ነው፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሱቁን እጠቁማለሁ። ጁምዓ ቀን ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ አትሂዱ፣ ሶላት ላይ ነው።