«የ1958 የእንግሊዝ ሥራ» እየተባለ የሚሸጠውን አረንጓዴ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት

አሮጌ የናፍጣ ሞተር ገዝታችሁ ለማደስ ወይም ወፍጮ ለመትከል ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ 185 ሺህ ብር ከፍዬ ያወቅሁትን እናንተ ሳትከፍሉ እንድታውቁት ነው የምጽፈው።

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ ወፍጮ ቤት ባለበት ግቢ ነው። የአባቴ ወፍጮ የሚዞረው ሊስተር 6/1 በሚባል የናፍጣ ሞተር ነበር። ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ስለነበር እህል የተሸከሙ እናቶች «ዛሬ ይፈጫል?» ብለው ሰው አይልኩም፤ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ያውቁት ነበር። መብራት ሲገባ ሞተሩ ቆመ፤ ቆይቶም በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ገዢ ተሸጠ። ያኔ ልጅ ነበርሁና ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ የዚያኑ ዓይነት ሞተር አግኝቼ በእጄ ማደስን ስመኝ ኖሬአለሁ። ሻጩ ይህን ምኞቴን ገና በመጀመሪያው የስልክ ንግግራችን ያወቀው ይመስለኛል፤ አባቴን ጠቅሼለት ነበርና። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። ለምን እንደምትፈልጉት ለሻጭ አትንገሩ።

ሊስተር የተሠራው እንግሊዝ አገር፣ ግሎስተርሻየር ውስጥ ደርስሊ በምትባል ከተማ ነው። ኩባንያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1867 ሲሆን፣ 6/1 የሚገኝበት «ሲ.ኤስ.» የተባለው የሞተር ዘር ከ1930 ገደማ እስከ 1987 ተመርቷል። 6 የፈረስ ጉልበቱን፣ 1 ደግሞ የሲሊንደሩን ብዛት ያመለክታል። በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ቶሎ አያልቅም፤ በየገጠሩ የተወደደውም በዚህ ነው። ይህንኑ ሞተር በሕንድ ጉጃራት ክልል፣ በራጅኮት ከተማ ያሉ ብዙ ፋብሪካዎች እየገለበጡ ሲሠሩት ኖረዋል። በሕንዱ ሞተር ላይ ቂም የለኝም። ካርተሩ፣ ማለትም ዘይት የሚቀመጥበት የሞተሩ ሆድ፣ በደንብ ተጠርጎና ተስተካክሎ ከተገጠመ ዱቄት እየፈጨ ልጆች ያሳድጋል። ነውሩ የሕንዱን አካል በእንግሊዙ ስም፣ በእንግሊዙ ዋጋ መሸጥ ነው።

እኔ የሄድሁት በአዲስ አበባ ዳርቻ ወዳለ አንድ ግቢ ነው። ሞተሩ እንደ አሮጌዎቹ ሊስተሮች ጥቁር አረንጓዴ ተቀብቶ፣ የነሐስ ሰሌዳው ተወልውሎ ቆሟል። ገና በር ላይ ሳለሁ አንድ ወጣት ማኒቬላውን ሁለት ጊዜ አዞረና ሞተሩ ተነሣ። ያ የልጅነቴ ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ ማሰብ አቆምሁ። ሲሊንደሩን በእጄ ብነካው ኖሮ ከመምጣቴ በፊት ለረጅም ጊዜ ሲሠራ እንደቆየ አውቅ ነበር። አልነካሁትም። ገንዘቡን ከፍዬ፣ በአይሱዙ አስጭኜ ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ሦስት ሰው ተፈራርቀንበት አልነሣ አለ። ከሰዓት በኋላ ሲሊንደሩ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሰን በግድ አስነሣነው። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ በማቀዝቀዣው በርሜል ውስጥ አረፋ ይንተከተክ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ተገኘ። ቀለሙን ስፍቀው ውኃ የሚዞርበት የሲሊንደሩ ጎን ከእጅ ስንዝር በላይ ተሰንጥቆ በስቱኮ (ደርቆ በሚጠነክር መሙያ ልጥፍ) ተደፍኗል። ቮላኖው (ዘንጉ ላይ የሚሽከረከረው ከባድ የብረት ጎማ) ከሌላ ሞተር የመጣ ነው፤ ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ሽብልቅ ስለላላ በዙሪያው የላሜራ ቁራጭ ተጠቅጥቆበታል።

ይህ የመጨረሻው ከገንዘቡ ሁሉ የባሰ ነው። ሽብልቁ የላላ ቮላኖ ዘንጉን እየበላ ይሄድና አንድ ቀን ይለቃል። አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው የብረት ጎማ እየተሽከረከረ ሲለቅ በወፍጮ ቤት ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች፣ ከእናታቸው ጋር የመጡ ሕፃናት እንዳሉ አስቡ። ሻጩ ላሜራውን ሲጠቀጥቅ ይህን ያውቅ ነበር። ይቅር ልለው ያልቻልሁት በዚህ ነው።

እንግዲህ ሞተር ልታዩ ስትሄዱ አስቀድማችሁ «እኔ ሳልመጣ አታስነሡት» በሉ። እንደ ደረሳችሁ እጃችሁን ሲሊንደሩ ላይ አሳርፉ፤ ሞቅ ካለ ሻይ ጠጥታችሁ፣ ከተማውን ዞራችሁ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ። ከዚያ ናፍጣው እንደ ተዘጋ ቮላኖውን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ፒስተኑ አየር ወደሚጨምቅበት ወደ መጭመቂያው ምት አድርሱት። ጤነኛ ሞተር እንደ ሞላ ገፍቶ ይመልስላችኋል። የእኔው ተንፍሶ ዝም ይል ነበር። ትንፋሹ የሚሰማው ከካርተሩ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፤ ከጭስ ማውጫው ወይም ከአየር ማስገቢያው ከሆነ ባልቦላው አይዘጋም። ባልቦላ በትንሽ ወጪ ይሞረዳል፤ የሲሊንደር ማለቅ ግን ቶርኖ ቤት የሚያስገባ ትልቅ ወጪ ነው። ስለዚህ ጆሯችሁን በሁለቱም በኩል ሳታደርጉ ዋጋ አትጥሩ።

የካርተሩን የጎን በር አስከፍቱ። አራት ፍሬ ቡሎን ለመፍታት «ጊዜ የለኝም» የሚል ሻጭ ከውስጥ የሚደብቀው አለው። ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ግቡና የሆዱን ወለል ጥረጉ። አሸዋ ከወጣ፣ ብረቱ ሲቀለጥ የቀረ የቅርጽ አሸዋ ነው፤ በችኮላ በተሠሩ ግልባጮች ላይ የሚታይ ነገር ሲሆን ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታም፣ ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያገናኘውን ቢየላም ይፈጫል። ዘይቱን በሁለት ጣት አሹት። እንደ ማር ከተጎተተ የካምቢዮ ዘይት ጨምረውበት ይሆናል፤ ወፍራም ዘይት የሚያንኳኳ ሞተር ዝም ያሰኛል፣ የሚያጨስ ሞተር ለአንድ ሰዓት ያስታግሣል።

ቀለም ያማረበትን ቦታ ሁሉ በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ አድርጉት። ጊዛ (ሞተሩ የተሠራበት ቅልጥ ብረት) ይጮኻል፤ ስቱኮ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ማግኔት ከያዛችሁ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው፤ ስቱኮ ላይ አይዝም። ሞተሩ ሲዞር ከቮላኖው ጠርዝ አጠገብ አንድ የጠመኔ ቁራጭ ከማይንቀሳቀስ ነገር ላይ አስደግፋችሁ ያዙ፤ ጠርዙ አንዴ ቀርቦ አንዴ ከራቀ ወይ ዘንጉ ጎብጧል ወይ ቮላኖው በትክክል አልተገጠመም። እጃችሁንና የልብሳችሁን ጫፍ ግን አርቁ።

ስለ ሰሌዳው ብዙ ሰው ይሳሳታልና ጥቂት ልበል። የነሐስ ሰሌዳ በአራት ሪቬት የሚነሣና የሚገጠም ነገር ነው። ለአዳሾች ተብለው የሚሠሩ አዳዲስ ሰሌዳዎች በግልጽ ይሸጣሉ፤ ያ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ሰሌዳ ስለ ሞተሩ ምስክር ሊሆን አይችልም። ሪቬቶቹ አዲስ ሆነው ብረቱ አሮጌ ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ ከሰሌዳው ሥር ሳይቋረጥ የሚያልፍ ከሆነ ጠይቁ። ከሰሌዳው ይልቅ ቡሎኖቹን እዩ። አሮጌው የእንግሊዝ ሥራ ዊትዎርዝ በሚባለው የእንግሊዝ ልክ የተሠራ ስለሆነ 17 እና 19 ሚሊሜትር ቁልፍ ጥርስ ይዞ አይቀመጥበትም። የእኔው ላይ 17 ቁልፍ ልክክ ብሎ ገጠመ። እርግጥ ዊትዎርዝ የያዙ ግልባጮችም አሉ፤ ስለዚህ ቁልፉ አለመግጠሙ ብቻውን እንግሊዝነቱን አያረጋግጥም፤ መግጠሙ ግን በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ሊስተሮች ቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ እጀታ አለች። በብርድ ሲነሣ ትጠብቅና መጭመቂያውን ትጨምራለች፤ ሲሞቅ ትከፈታለች። «ሲ.ኤስ.» የሚለው ስምም በብርድ መነሣቱን የሚያመለክት ነው። የእኔው ላይ እጀታዋ አለች፤ ስትዞር ግን የምትከፍተውም የምትዘጋውም የለም፣ ከኋላዋ ያለው ቀዳዳ በቡሎን ተደፍኗል።

የሽያጭ ወረቀታችንም «አንድ የናፍጣ ሞተር» ብቻ ይላል። የሞተሩ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ የተሠራበት አገር፣ ሳይሰነጠቅ መሸጡ፣ አንድም አልተጻፈም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭን ለተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል፤ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ያዛል። በቃል የተነገረን «እንግሊዝ ነው» ይዞ መከራከር ግን ከባድ ነው። ሻጩ የነገራችሁን ሁሉ ወረቀቱ ላይ አስጽፉት፤ አልጽፍም ያለውን ቃል እንዳልተናገረው ቁጠሩት።

ደውዬለት ነበር። «ሞተር ከግቢ ከወጣ የገዢው ነው» ብሎ ዘጋው። እኔ ሲሊንደሩን በሌላ ለመተካት እየፈለግሁ ነው፤ ቮላኖውን ግን አልጠቀምበትም፣ ማንም እንዳይገጥመው በመጋዝ አስቆርጫለሁ። ባለፈው ሳምንት ያው ግቢ ሌላ አረንጓዴ ሞተር ለሽያጭ አውጥቷል፤ «የ1958፣ እንግሊዝ፣ አንድ እጅ የያዘው» ይላል። የሰሌዳውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ቁጥሩ እኔ ቤት ካለው ሰሌዳ ቁጥር ጋር አንድ ነው። ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የሰሌዳውን ፎቶ ላኩልኝ፤ ከእኔው ጋር አስተያይቼ በዚያው ቀን እነግራችኋለሁ።