ወጋየሁ ያነበበውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በፍላሽ ገዛሁት

የእማዬ ዓይን ከደከመ ሁለት ዓመት አለፈው። መጽሐፍ ትታለች፣ ቴሌቪዥኑም ያጭበረብረኛል ትላለች። ባለፈው ወር «ያ ወጋየሁ በራዲዮ ያነበው የነበረው ይገኝ ይሆን?» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን እሷ ስልክ መነካካት ስለማይሆንላት ትንሿ ራዲዮዋ ላይ የሚሰካ ፍላሽ ይሻላል ብዬ አንድ ሱቅ ሄድኩና 500 ብር ከፍዬ ገዛሁላት።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው ላውራ፣ ምክንያቱም አናዶኛል። ክፍሎቹ ተዘበራርቀዋል። ሰብለ ወንጌል ገና ፊደል ሳትቆጥር መነኩሴ መስላ መንገድ ላይ አገኘናት! አንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ተገልብጧል፣ ሌላው መሃል ላይ ቀጥ ይላል። በየመግቢያው ደግሞ አንድ ጎረምሳ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ እያለ ይለምናል። እማዬ «ይሄ ደግሞ ማነው? ቦጋለ ነው?» ብላ ከበዛብህ አባት ጋ አደባልቃ አስቃኛለች። ሻጩ ጋ ተመልሼ ብነግረው «የትም ብትሄድ እንደዚሁ ነው» አለኝ፣ አልቀየረልኝምም። ሁለት ማታ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ፣ መጽሐፉን ገልጬ እያስተያየሁ፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ በቁጥር ሰየምኳቸው። ድምፁ እንደሆነ የድሮ ቅጂ ነው፣ ሽሽሽ ይላል፣ እሱን ችሎ መስማት ነው።

ወጋየሁ መናገር ሲጀምር ግን ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ለማታውቁት፣ ወጋየሁ ንጋቱ የመድረክ ሰው ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ላይ ኢያጎን ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልቦለድ በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ በተከታታይ ተረከው። አነበበው ማለት ይከብደኛል፣ ተጫወተው ብል ይሻላል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ድምፁ ከደረት ነው የሚወጣው፣ ራዲዮዋ ራሷ የምትንቀጠቀጥ ይመስለኛል። ጉዱ ካሳ ጋ ሲደርስ ሌላ ሰው ነው። መጽሐፉን ሳነብ ጉዱ ካሳ ስለ ሥርዓቱ የሚያወራውን ረጅም ረጅም ንግግር፣ እውነቱን ልናገር፣ እየዘለልኩ ነበር የማልፈው። ከወጋየሁ አፍ ሲወጣ ግን አንዷንም ቃል መዝለል አልፈለግኩም፤ ሰውየው ፊቴ ተቀምጦ በአገር ላይ እየሳቀ የሚያዝን ይመስላል። ባል አይበረክትላትም የተባለችው ውድነሽ በጣሙ ጋ ስንደርስ እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። ቡናው አረረ።

አሁን በስልክ መተግበሪያ የሚሸጡ ትረካዎችንም ሞክሬያለሁ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፣ ሽሽሽ የለም፣ አንዳንዶቹ ተራኪዎችም ጎበዞች ናቸው። አብዛኞቹ ግን የሚያምር ድምፅ ይዘው ዜና የሚያነቡ ነው የሚመስሉኝ። አባትም ልጅም ሌባም አንድ ሰው ይሆኑብኛል።

ፈረንጆቹ ጋ ጄምስ ኧርል ጆንስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ላይ የክፉው ሰውዬ የዳርዝ ቬደር ድምፅ እሱ ነው። ያንን ጥቁር ልብስ ለብሶ የሚንቀሳቀሰው ሌላ ሰው ሲሆን የጆንስ ስም ያኔ ከተዋናዮቹ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም። ልጅ ሳለ ይንተባተብ የነበረ ሰው ነው። ኋላ «ላየን ኪንግ» በተባለው የካርቱን ፊልም ላይ የአንበሳው ንጉሥ የሙፋሳ ድምፅ ሆነ፣ የዜና ጣቢያውን ሲኤንኤንንም በድምፁ አስተዋወቀ። መድረክ ላይ ደግሞ ቶኒ የሚባለውን የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት የወሰደ ተዋናይ ነበር። እሱንም ወጋየሁንም ሳስብ ድምፁ ብቻውን አይደለም የሚይዘኝ፣ ከኋላው ያለው የመድረክ ልምድ ነው። ማይክ ፊት ቁጭ ብለው እንኳ በሙሉ ሰውነታቸው ነው የሚናገሩት።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እሱም የሚጣፍጥ ቅሬታ ነው። ወጋየሁ ፊታውራሪን በጣም አሳምሮ ስለሚጫወታቸው ሰውየውን ወደድኳቸው። ገበሬውን ያስለቀሱ ሰው ናቸው እኮ! እማዬም በትዕቢታቸው ስትስቅ ቆይታ «ወይኔ፣ ለካ ክፉ ናቸው» ትላለች። መጽሐፉን ሳነብ እንዲህ አልሆንኩም ነበር።

ፍላሹን ግዙ አልላችሁም። ከከፈልኩት 500 ብር ለወጋየሁ ቤተሰብም ሆነ ለደራሲው ወራሾች ሳንቲም እንደማይደርስ ሻጩን አይቶ መገመት አያቅትም፣ ይሄ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ኢንተርኔት ላይ ያለውን አውርዳችሁ፣ መጽሐፉን ከጎን አድርጋችሁ፣ እንደኔ ራሳችሁ ብታስተካክሉት ይሻላል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ከባድ አይደለም። ለወላጅ የምትሰጡት ከሆነ ደግሞ የጎረምሳውን ልመና ቆርጣችሁ አውጡት።

እኛ ቤት አሁን ወደ መጨረሻው ተቃርበናል። በዛብህ ታሟል፣ ሰብለም መንገድ ላይ ናት። እማዬ ትናንት ራዲዮዋን ራሷ አጠፋችው። የቀሩትን ክፍሎች ለጊዜው አታሰማኝ ብላለች። መጨረሻውን እንደሆነ ታውቀዋለች።