በቪዲዮ የወሰድነው የጥንዶች ምክር ምን ጠቀመን?

ባለቤቴና እኔ በቪዲዮ የሚሰጥ የጥንዶች ምክር አገልግሎት ወስደን በቅርቡ ጨርሰናል። ፍቺ አፋፍ ላይ አልደረስንም ነበር። ግን ጭቅጭቁ በዝቷል፣ ኩርፊያው ረዝሟል፣ የምናወራው ስለ ልጆችና ስለ ክፍያ ብቻ ሆኗል። ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አማካሪዋን በጣም ወድጃቸዋለሁ። ከምክሩ ጋር የወሰድነውን የስልክ አፕ አልወደድኩትም። ማስታወቂያቸው ደግሞ መታረም አለበት።

መጀመሪያ ፎርም ይሞላል። ለየብቻ ነው የምትሞሉት፤ አንዱ የሌላውን መልስ አያይም። እኔ የጠበቅኩት "ትዋደዳላችሁ ወይ?" የሚል ነገር ነበር። የመጣልኝ ግን ሌላ ነው። ሌሊት ልጅ ሲያለቅስ የሚነሳው ማነው? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? ዕዳ አለባችሁ? ወላጆቻችሁ በውሳኔያችሁ ምን ያህል ይገባሉ? አንቺ ያደግሽበት ቤት ውስጥ ሰው ሲቆጣ ምን ይሆን ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ አማካሪዋ እያንዳንዳችንን ለብቻ አገኙን። በዕድሜ እናታችን ይሆናሉ። "ባለቤትሽን የምትፈሪበት ጊዜ አለ? መትቶሽ ወይ አስፈራርቶሽ ያውቃል?" አሉኝ። እሱንም እንደዚሁ ጠይቀውታል። ይህን ጥያቄ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠየቅ ዋጋ የለውም። የምትፈራ ሴት እሱ እየሰማ እውነቱን አትናገርም። ድብደባ ባለበት ቤት ደግሞ የጥንዶች ምክር አይመከርም። ምክር ላይ የተናገረችው ነገር በኋላ ሊያስመታት ይችላል። እዚያ የሚቀድመው ደኅንነቷ ነው። ይህን ለብቻ ሳይጠይቅ ሥራ የሚጀምር አማካሪ ካጋጠማችሁ ጥንቃቄ አድርጉ።

በመጀመሪያው የጋራ ቀጠሮ ስክሪኑ ላይ ሦስት ክብ ሳሉልን። በአንደኛው ውስጥ "ይዛችሁ የመጣችሁት" ብለው ጻፉ። አስተዳደግ፣ ጠባይ፣ ቶሎ የመጨነቅና ቶሎ የመከፋት ባሕርይ እዚያ ይገባል። ሁለተኛው "ከውጭ የሚመጣባችሁ" ነው፤ የገንዘብ ችግር፣ የሥራ ሰዓት፣ ሕመም፣ የዘመድ ጫና። ሦስተኛው "እርስ በርስ የምትያያዙበት መንገድ" ነው። ሐሳቡ የቤንጃሚን ካርኒና የቶማስ ብራድበሪ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ጥንዶችን ለዓመታት የተከታተሉ 115 ጥናቶችን ሰብስበው ፈትሸው ነው እዚህ የደረሱት። ትዳር በጠባይ ብቻ አይቆምም፣ በጠባይ ብቻም አይፈርስም። ሦስቱ ክቦች እየተገፋፉ ነው የሚሄዱት።

እኔ ለዚህ አገልግሎት ጥሩ ነጥብ የምሰጠው በዋናነት ለሁለተኛው ክብ ነው። ስለ ትዳር ምክር የሚወራው ብዙ ጊዜ "ተነጋገሩ፣ ተደማመጡ፣ ይቅር ተባባሉ" ነው። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን በደንብ መነጋገር ጉልበት ይጠይቃል። ቀን ከአለቃው ጋር ሲነታረክ ውሎ፣ ሌሊት ያልተኛ ሰው የተማረውን የንግግር ዘዴ ከየት አምጥቶ ይጠቀምበታል? የውጭ ጫና ሲበዛ ትዕግሥቱም አብሮ ይሟጠጣል። ትናንት የታለፈው ነገር ዛሬ ጥፋት ይሆናል። ሰውየው ግን አልተለወጠም።

አማካሪያችን ይህን በወሬ አልተዉትም። ሠንጠረዥ አሠሩን። በአንድ በኩል የቤቱን ሥራ ሁሉ ዘረዘርን። ጎኑ ላይ ሁለት ዓምድ አለ፤ "ማን ይሠራዋል?" እና "ማን ያስታውሰዋል?" የመጀመሪያው ዓምድ ተቀራራቢ ነበር፤ ባለቤቴ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች የእኔ ስም ነው። የክትባት ቀጠሮ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ቀን፣ የእናቱ መድኃኒት። "ድምፅህን አውጥተህ አንብበው" አሉት። አነበበው። መሃል ላይ ድምፁ ቀነሰ። ሲጨርስ "የእናቴ መድኃኒት እንኳን?" አለ።

ከዚያ በኋላ የታዘዝነው "አግዛት" የሚል አይደለም። አንድን ሥራ ከነሐሳቡ ማስረከብ ነው። የእናቱ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ሄደ። ሊያልቅ መሆኑን ማወቅም፣ መግዛትም፣ ማድረስም የእሱ ነው። እኔ ማስታወስ የለብኝም፤ "ገዛህ ወይ?" ማለትም አይፈቀድልኝም። ሁለተኛው ለእኔ ከበደኝ፣ ግን የምር ትልቁ እረፍት የመጣው ከዚያ ነው።

ሌላው የማልረሳው የልብ ምቱ ነገር ነው። አንድ ቀን በቀጠሮው መሃል ተጋጨን። ልጃችን ያመጣችው ወረቀት ሳይፈረም ቀርቶ ነው። እኔ ተናገርኩ፣ እሱ ዝም አለ። ድምፄ ከፍ ሲል ጭራሽ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አማካሪዋ "እስቲ እዚህ ላይ አቁሙ" አሉ። እሱን "ሁለት ጣትህን አንጓህ ላይ አድርግና ምቱን ቁጠር" አሉት፤ እሳቸው ሰዓት ያዙ። አንድ ደቂቃ ሲሞላ ቁጥሩ ከ100 በላይ ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። አንድ ቃል አልተናገረም። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጥንዶች ሲጨቃጨቁ የልብ ምታቸውንና ላባቸውን በመሣሪያ ለክተዋል። ልብ እንደዚያ ሲመታ ሰው መስማት ያቅተዋል፤ ወይ ይጮኻል ወይ ይዘጋል። ስለዚህ ቢያንስ 20 ደቂቃ መለያየት ይመከራል። አማካሪያችን አንድ ሕግ ጨመሩበት፤ የሚወጣው ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ተናግሮ ነው የሚወጣው። አሁን ባለቤቴ "ግማሽ ሰዓት ስጪኝ" ይላል፤ በግማሽ ሰዓቱም ይመለሳል። ለእኔ ዋናው መመለሱ ነው። ሳይናገሩ ጥሎ መሄድና ተናግሮ መሄድ ፈጽሞ አይገናኙም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ማስታወቂያቸው ላይ "ፍቺን ከ90 በመቶ በላይ በትክክል የሚተነብይ ሳይንስ" ይላል። ይህ ቁጥር ከእነጎትማን ጥናቶች የመጣ ነው። ችግሩ ቀመሩ የተሠራው ማን እንደተፋታ፣ ማን አብሮ እንደቆየ ከታወቀ በኋላ መሆኑ ነው። ለማያውቃቸው ሌሎች ጥንዶች ሲውል ትክክለኛነቱ ይወርዳል። ይህንን ሌሎች ተመራማሪዎች ቆየት ብለው አሳይተዋል። በትዳሩ የተጨነቀ ሰው እንዲህ ያለውን ቁጥር ሲያይ ዕጣው የወጣ ይመስለዋል። አማካሪዋ ራሳቸው ስጠይቃቸው በደንብ አስረዱኝ። ታዲያ የሚያውቁ ሰዎች ቤቱ ውስጥ እያሉ ማስታወቂያው ለምን እንደዚያ ይጻፋል?

አፑም እንደዚያው ነው። በሥራ ሰዓት "ዛሬ ለባለቤትሽ ጥሩ ቃል ተናግረሻል?" እያለ ኖቲፊኬሽን ይልካል። ጥሩ ቃል ስትመዘግቢ ነጥብ ይሰጣል። አምስት ለአንድ የሚባለውን ግኝት ይዘው ነው። በደህና ትዳር ውስጥ ያሉ ሰዎች በጭቅጭቅ መሃል እንኳን ለአንድ መጥፎ ነገር አምስት ያህል ጥሩ ነገር ያሳያሉ፤ ፈገግታ፣ ቀልድ፣ "ገብቶኛል" ማለት። እሱ ግን ሲያወሩ ታይቶ የተቆጠረ ነው እንጂ በቀን የሚሞላ ኮታ አይደለም። ባለቤቴ ነጥብ ፈልጎ ያመሰገነኝ ቀን በጣም ነው የከፋኝ። አጠፋነው።

ከአፑ ውስጥ ያተረፍነው አንድ የቤት ሥራ አለ። የቅርቡን ጭቅጭቃችሁን፣ ለሁለታችሁም መልካም የሚመኝ ሦስተኛ ሰው እንደሚያየው አድርጋችሁ ለ7 ደቂቃ ጻፉ ይላል። ተመራማሪው ኤሊ ፊንከልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት በ120 ጥንዶች ላይ ሞክረውታል። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ 21 ደቂቃ ነው። የጻፉት ጥንዶች በትዳራቸው ያላቸው እርካታ ባለበት ሲቆይ፣ ያልጻፉት ቀነሰ። ባለቤቴ ስለ ወረቀቱ ጠብ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ "ይህ ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ሁለቱም ደክመዋል። እሷ ብቻዋን የቀረች መስሏታል፤ እሱ ደግሞ ምንም ቢያደርግ የማይበቃ መስሎታል።" ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ።

የጎደለው ደግሞ አለ። ስለ ገንዘብ ሁለተኛው ክብ ውስጥ ተጽፎ ቀረ እንጂ በቂ ጊዜ አልተሰጠውም። ዕዳ ያለበት ጥንድ ከአማካሪው ጎን የሒሳብ ነገር የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ስለ አማቶችም በጥድፊያ ነው ያለፍነው።

ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ፣ አንዳችሁ መለያየትን ወስናችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ለአማካሪው ተናገሩ፤ ለዚያ የሚደረገው ውይይት ሌላ ነው። ጥቅሉ ሲመረጥ አፑን የያዘውን ትታችሁ ቀጠሮ ብቻ ያለውን ውሰዱ። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊትም "ለብቻ የምታገኙን ቀጠሮ አለ? ስለ ሥራ ሰዓታችንና ስለ ቤት ሥራ ክፍፍልስ ትጠይቁናላችሁ?" በሉ። ለሁለቱም "አዎ" ካላሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።