የሮቦት ንፋስ ታንክ ልትገዙ ነው? ፕላስቲኩ ይሻላል ብረቱ?

የንፋስ ታንክ ማለት የሮቦቱን ክፍሎች የሚያንቀሳቅስ የታመቀ አየር የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም የሮቦት ክበብ ያላችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የትኛው ውድድር ላይ እንደምትገቡ ለዩ። አንዱ ውድድር ላይ የሚያልፍ ታንክ ሌላው ላይ ፍተሻ ሊጥላችሁ ይችላል።

ኤፍቲሲ (ፈርስት ቴክ ቻሌንጅ) ታንክም ኮምፕሬሰርም (አየር አምቆ የሚሞላ ማሽን) ሲከለክል የቆየ የተማሪዎች ውድድር ነው፣ ስለዚህ ለሱ ከሆነ ብራችሁን ሞተር ላይ አውሉት። ቬክስ የሚባለው የሮቦት ውድድር የራሱን ታንክ ነው የሚፈልገው። የሚሞላው እስከ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ሲሆን ለዚህ የብስክሌት ፓምፕ ይበቃል። ለጀማሪ ክበብ እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

ኤፍአርሲ (ፈርስት ሮቦቲክስ ኮምፒቲሽን)፣ ትልልቅ ሮቦቶች የሚገቡበት ውድድር፣ ከበድ ይላል። ታንኩ ውስጥ ያለው ንፋስ ከ120 ፒኤስአይ ማለፍ የለበትም፣ ወደ ሲሊንደሮቹ (በንፋስ የሚገፉት የሮቦቱ ዘንጎች) ሲሄድ ደግሞ በሬጉሌተር፣ ማለትም በግፊት መቀነሻ፣ ወደ 60 ይወርዳል። ታንኩ ቢያንስ 125 ፒኤስአይ እንደሚችል በአምራቹ የተረጋገጠ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ክሊፓርድ የሚባለው ኩባንያ ነጭ ፕላስቲክ ታንክ (ቁጥሩ ኤቪቲ-ፒፒ-41) በስም ተጠቅሶ ተከልክሏል። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ወይም በእርዳታ ስታገኙ ነጭ ታንክ ካለበት ቁጥሩን ሳታዩ እንዳትቀበሉ።

ሌላው ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ የሮቦቱን ክብደት አያበዛም። ግን ሲመታ ወይም ሲጫር ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ብረት ወይም አሉሚኒየም ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል፣ ነገር ግን ሲጎዳ ጭርምቱ በዓይን ይታያል። ሮቦት እርስ በርሱ የሚጋጭበት ውድድር ላይ ለሚገቡ ልጆች እኔ ብረቱን ነው የምገዛው። ቀለም ግን እንዳትቀቡት። ኤፍአርሲ የተቀባ ወይም የተሞረደ የንፋስ ዕቃ አይቀበልም።

መጠኑንም አስቡበት። ደሴ ከባሕር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሮቦቱ ላይ ያለችው ትንሽ ኮምፕሬሰር ታንክ ለመሙላት ቆላ ካለችው የበለጠ ጊዜ ትወስዳለች። ብዙ ታንክ ከመደርደር የሚበቃችሁን ያህል ግዙ።

የቧንቧ ፒቪሲ ቆርጦ ታንክ መሥራት የሚያስቡ ልጆች አሉ። እባካችሁ አስቁሟቸው! ፒቪሲ በታመቀ ንፋስ ሲፈነዳ ተሰባብሮ እንደ ስለት ይበተናል፣ ዓይን ያጠፋል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስሞላትም ጥሩ አይደለም፣ የከባድ መኪና ጎማ የሚሞላ ኮምፕሬሰር ከ100 ፒኤስአይ በቀላሉ ያልፋል፣ የቬክስ ታንክ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም።

ኤፍአርሲ ላይ ከታንኩ ጋር በ125 የሚተነፍስ ቫልቭና በእጅ ንፋሱን የሚያስወጣ ቫልቭ የግድ ናቸው። በጀት ስትይዙ አብራችሁ አስቡት፣ እነሱን ትቶ ሁለተኛ ታንክ መግዛት ትርፍ የለውም። ሻጩ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ብር ከመላካችሁ በፊት ታንኩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ቁጥር ከሌለው አትግዙት።